አፍ የሌለው ማሽን ፍለጋ

ቀብድ ተቀብሎ ዕቃውን ለሌላ የሸጠ ነጋዴ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። ያየሁትም በቡና አይደለም፣ በከብትም በመሬትም አይደለም። ልጆች በቴሌቪዥን ኳስ በሚጫወቱበት ማሽን ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና ቃል ያጣመምኩ እንደሆነ አንባቢ ያቃናው። ነገሩን ግን አላጣመምኩም።

ልጄ ዲላ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ጌም ቤት አላት። ጌም ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማሽን፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር። ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ጆይስቲክ የሚሉትን በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ተጫዋች ያሯሩጣሉ። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተራ የያዘ ይቀመጣል። በቃ ይኸው ነው።

ስትከፍተው አልወደድኩትም ነበር። ከባሏ ተለይታ ስትመጣ ዱመርሶ ቤት አለ፣ እንሰት አለ፣ ቡና አለ፣ ነይ ብያት ነበር። «አባዬ፣ እኔ ሰው ቤት አልቀመጥም» አለችኝ። የአባት ቤት ሰው ቤት ሆነ እንግዲህ። ተናደድኩ፤ ዓመት ሙሉ ዲላ ስመጣ በደጇ አልፋለሁ እንጂ አልገባም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ ገባሁ፤ አግዳሚው ላይ ከጎጃም የመጣ፣ ከጅማ የመጣ፣ ከወላይታ የመጣ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይሳሳቃል። ልጄ መሀላቸው ቆማ ተራ ታስከብራለች። አንዱ ሊያጭበረብር ሲል በአንድ ቃል አስቀመጠችው። እኔን ነው የመሰለችው። ከዚያ ወዲያ ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ባለፈው ክረምት ከመሳቢያዋ መቀስ ስፈልግ ፓስፖርት አገኘሁ። ለምንድን ነው ብላት ቤቱ ካልሠራ ዓረብ አገር እሄዳለሁ አለች። ደላላው በየወሩ ይደውልላታል። ከእኛ ቀበሌ የሄዱ አሉ፤ ቤት ሠርተው የተመለሱም አሉ፣ ስልካቸው ጠፍቶ እናታቸው ስልክ ታቅፋ የምትውልም አለች። እኔ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጌም ቤት የሚገባ የሚወጣውን ተማሪ በዓይኔ መቁጠር ጀመርኩ።

ቤቱ መዳከም የጀመረው አዲሱ ማሽን መጣ ሲባል ነው። ተማሪዎቹ ሌላ ወሬ የላቸውም። ሣሩ እውነተኛ ይመስላል፣ የተጫዋቹ ላብ ይታያል ይላሉ። ላብ ለማየት ማሽን! ቡና ለቀማ ይምጡ፣ አሳያቸዋለሁ። ግን የገበያው ነገር እንዲህ ነው፤ የእሷ ሁለት ማሽኖች በአንድ ወር አሮጌ ሆኑ። ገና ደግሞ ለነዚህ ልጆች ከባድ በዓል ነው፤ ትምህርት አይዘጋም፣ አገራቸው ሩቅ ነው፣ አይሄዱም። ስለዚህ በገና ዋዜማ ከሰዓት ትልቅ ውድድር ለማድረግ ተማከሩ። ለልጄ በግልጽ ነገሯት፦ አዲሱ ማሽን ካለሽ ውድድሩ አንቺ ቤት ይሆናል፣ ከሌለሽ ገበያው አጠገብ ያለው ጌም ቤት እንሄዳለን። ውድድር የሄደበት ደንበኛ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ልጄ ትሄዳለች ማለት ነው። ይኸን እሷም አልደበቀችኝም። ከገና በኋላ ይለይልኛል አለች።

መጀመሪያ ልፋት አላስፈለገንም ነበር። መናኸሪያው አካባቢ ስልክና ቴሌቪዥን የሚሸጥ አንድ ወጣት ነጋዴ በኅዳር ቀብድ ተቀብሏት ነበር። ማሽኑ ከገና በፊት ይደርሳል፣ የመጀመሪያው ያንቺ ነው ብሏታል። እኔም በታኅሣሥ እሸት ቡናዬን ሸጬ ቀሪውን ልሞላላት ዲላ መጣሁ። ስደርስ ልጄ ስልኳን ይዛ ቁጭ ብላለች። ነጋዴው ቀብዱን በስልክ መልሶላታል። አልደወለ፣ ይቅርታ አላለ፣ አልመጣ። ገንዘቡን ብቻ መልሶ ወረወረላት።

ቀብድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ለቡና ነጋዴ ጆንያ በመውጋት ነው። ጆንያ መውጊያ ጫፉ የሾለ፣ ሆዱ እንደ ቦይ የተቦረቦረ አጭር ብረት ነው። ጆንያው ጎን ላይ ሰክተህ ስታወጣው ፍሬ ይዞ ይወጣል፤ ከላይ ያሳዩህ ሳይሆን ከሆዱ ያለውን። ያን አይተህ፣ አሽትተህ፣ በጥርስህ ሞክረህ ትፈርዳለህ። ያሠራኝ የነበረው ሰውዬ ደግ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሲቸገር የሚያይ ዓይን አልነበረውም። ግን አንድ ጊዜ ቀብድ የተቀበለበት ቡና በሳምንቱ ዋጋው ሰማይ ሲወጣ ጥርሱን ነክሶ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ለገዢው ሲያስጭን በዓይኔ አይቻለሁ። ከመኪናው ጀርባ ሄዶ ተፋ፤ ግን አስጫነ። ቀብድ ያ ነው።

ወደ ሱቁ ሄድኩ። ነጋዴው በዕድሜ ከልጄም ያንሳል። ጸጉሩን ተስተካክሏል፣ ሽቶ ተቀብቷል።

«ፋዘር፣ ገንዘቧን እኮ መልሻለሁ» አለኝ።

ፋዘር አባት ማለት እንደሆነ ተማሪዎቹ ነግረውኛል። እኔ እንዲህ ያለ ልጅ አልወለድኩም።

«ገንዘብ ማን ጠየቀህ? ዕቃውን ነው የምጠይቅህ።»

«ዕቃው አልቋል።»

መደርደሪያው ላይ ጨርቅ የተጣለበት ሣጥን ነበር፤ ጨርቁ አጥሮ የካርቶኑ ሥዕል ከስር ይታያል። ያ ምንድን ነው አልኩት።

«ያ የሰው ነው።»

«የኔ ልጅ ከብት ናት?»

ስልክ ሊያሠሩ የቆሙ ሰዎች ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ገበያ ነው አለኝ። የበዓል ሰሞን ነው፣ ሌላ ሰው ጨምሮ ከፈለ፣ እርስዎም ጨምረው ቢመጡ ኖሮ እያለ ያስረዳኛል፤ እኔ ገበያ የማላውቅ ይመስል። ሌሎች ሁለት ሣጥኖች ከበስተኋላ እንዳሉት በኋላ ሰማሁ። ገና እስኪቃረብ፣ ሰው እስኪጨነቅ ያቆያቸዋል።

እስቲ ፍረዱ። በገና ሰሞን ዲላ ገበያ ውጡ፤ በግ ያለው በጉን እየጎተተ መሀል ገበያ ያመጣል። ዶሮ ያለው ዶሮውን ዘቅዝቆ ፊትህ ላይ ያወዛውዛል። ቅቤ ያለው ቅመሱ ይላል። ዕቃ ያለው ዕቃውን ያሳያል፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ንግድ እንዲህ ነው። እነዚህ ግን ሲኖራቸው ይደብቃሉ። የለም ይሉሃል፣ አለቀ ይሉሃል፣ ከዚያ አንዱ በባጃጅ ተከትሎህ መጥቶ «አንድ አለ፣ ግን ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም» ይልሃል። ሁለት ቀን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። አንዱ ከገና በኋላ ተመለሱ አለኝ። ከገና በኋላ ምን ላደርግበት? አንዱ ስልክዎን ይተዉልኝ አለ። አንዱ ደግሞ የተጠቀሙበትን አሮጌ ማሽን በአዲስ ካርቶን ከትቶ ሊሸጥልኝ ሲል ልጄ በስልኳ ሥዕሉን አይታ አወቀችበት። ከታች የረጠበ ጀንፈል ቡና ከላይ የደረቀ የሚያደርግ ገበሬ አውቃለሁ፤ ያ ገበሬ ከዚህ ሰውዬ ጋር ሲነጻጸር ቄስ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ፣ አገሩ ወደ ኮቸሬ በኩል የሆነ፣ ወሬ አመጣ። ጨለለቅቱ የሚኖር አጎቱ ቡና ሰብሳቢ ነው። ወንድሙ ከውጭ አገር ሲመጣ አዲሱን ማሽን ለቤቱ ልጆች አምጥቶላቸው ነበር፤ የሰውዬው ልጆች ግን ሁለቱም ተድረው ወጥተዋል። ሣጥኑ እንደታሸገ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ገዢ ቢገኝ ይሸጣል አለን። ልጄ ቤቱን ጥላ መሄድ አትችልም፤ እኔ ሄድኩ። ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ጨለለቅቱ፣ ከከተማው ደግሞ በሞተር።

ሰውዬው ሃምሳ ዓመት የሆነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁ በቡና ልጣጭ የጠቆረ ሰው ነው። ጓሮው በሙሉ የቡና ማስጫ አልጋ ነው። ተቀምጠን ስለ ዘንድሮ ፍሬ አወራን፤ ከየትኛው ነጋዴ ጋር እንደሠራሁ ጠየቀኝ፣ ስሙን ስነግረው አወቀው፣ ሁለታችንም አማነው። ከዚያ ሣጥኑን አውርዶ በጨርቅ ጠርጎ ፊቴ አስቀመጠው። የጠራው ዋጋ ዲላ ከሚጠሩት ያነሰ ነበር። ወድጄዋለሁ፣ ክፈተውና ልየው አልኩት።

«ጋሼ፣ አይከፈትም» አለኝ። «ከተከፈተ አሮጌ ነው ይላሉ። የእህቴ ልጅ አደራ እንዳትከፍተው ብሎኛል።»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ሳይከፈት የሚሸጥ ዕቃ! ዕድሜዬን ሙሉ ሳልወጋ ያስመዘንኩት ጆንያ የለም። ዶሮ ስገዛ ላባዋን ገልጬ ደረቷን ነው የምዳስሰው። እዚህ ግን ካርቶን ላይ ያለውን ሥዕል አምነህ ክፈል ይሉሃል፤ ያየኸው ከሆነ ደግሞ ስላየኸው ብቻ ዋጋው ይወርዳል። ዓይኔ መርዝ አለው እንዴ? ተከራከርን። እሱም ክፉ ሰው ስላልሆነ ግራ ገባው፤ ልጆቹ የነገሩትን ነው የሚደግመው። በመሀል ጠብ ጠብ የሚል ዝናብ መጣና ቡናውን ሊሸፍን ሮጦ ወደ ጓሮ ወጣ።

ከሣጥኑ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። መውጊያዬ ዛሬም ከኮቴ የውስጥ ኪስ አይለይም፤ ሥራ ካቆምኩ ብቆይም ኪሴ ካለሷ ይቀለኛል። እጄ ራሱ አወጣት። ጆንያ ሲወጋ አይጎዳም፤ ክሩን በጥፍርህ ፋቅ ፋቅ ስታደርገው ቀዳዳው ይገጥማል። ካርቶንም እንደዚያ መሰለኝ። ከጎኑ፣ ከታች በኩል፣ ልክ እንደ ጆንያ ሰካሁት። ላስቲኩን አለፈ፣ ካርቶኑን አለፈ፣ ከዚያ ጠንካራ ነገር ነክቶ ቆመ። ሳወጣው በቦዩ ውስጥ ነጭ የወረቀት ብናኝ ይዞ ወጣ። መዳፌ ላይ አራግፌ አየሁት። ምን ልበል? አላሸተትኩትም እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ልማዴ ነበር።

ሰውዬው ሲመለስ መውጊያዋ በእጄ ናት፣ ቀዳዳው ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

«ወጋሁት።»

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቴን ይይዘኝ ነበር። እሱ ግን ካርቶኑን አየ፣ መውጊያዋን አየ፣ ከወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲህ የተወጋ ጆንያ ነው» አለ በመጨረሻ።

ይኸ በእኛ ሙያ የታወቀ ሕግ ነው። ገዢ የወጋው ጆንያ፣ ገዢው «ተውኩት» እስኪል ድረስ ለሌላ ሰው አይታይም። ምክንያት አለው፤ ከአንድ ጆንያ አምስት ሰው እየወጋ እፍኝ እፍኝ ከወሰደ ለባለቤቱ ምን ይተርፈዋል? ስለዚህ የወጋ ይግዛ ወይም አፍ አውጥቶ ይተው። የሚጻፍ የለም፣ የሚፈረም የለም፣ ቀብድ እንኳ የለም። እኔም ያን ያህል ካልክ ክፈተዋ አልኩት፤ ከተወጋ በኋላ ምን ቀረው? ከፈተው።

ማሽኑ ነጭ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ከባድ ነው። ምንም አልሆነም፤ መውጊያዬ የነካው የወረቀት መደገፊያውን ነው። ገለባበጥኩት። አፉን ፈለግሁ። ልጄ ማሽኖቿን ስታስነሳ ክብ ሲዲ በአፋቸው ስታጎርሳቸው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጨዋታው ሁሉ ያለው ሲዲው ላይ ነው፣ መደርደሪያ ሙሉ ሲዲ አላት። ይሄኛው አፍ የለውም። በፊት የለውም፣ በጎን የለውም፣ በኋላ የለውም። የሽቦ መሰኪያ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

አያችሁ አልኩ በልቤ፣ ሳይከፈት ቢገዛ ኖሮ! ለሰውዬው ይኸ ሙሉ ዕቃ አይደለም፣ ምን ሊበላ ነው አልኩት። እሱም አያውቅም። ማሽኑን ሳየው እያሾፈብኝ መሰለኝ። በነጋዴው ላይ ያለኝ ንዴት፣ የሁለት ቀን መንከራተት፣ የመንገዱ አቧራ፣ ሁሉም እዚያ ልሙጥ ነገር ላይ አረፈ። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። ሰውዬው በሩ ድረስ ተከትሎኝ ጋሼ ይተዉታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ንዴት አፌን ይዞት አልመለስኩለትም። አዎም አላልኩ፣ አይም አላልኩ።

ዲላ ስደርስ ለልጄ በኩራት ነው የነገርኳት። እንዴት እንዳልተታለልኩ፣ እንዴት ከፍቼ እንዳየሁ፣ እንዴት አፍ እንደሌለው እንዳወቅሁ። ጠብ ያለ ነገር ሳላስቀር ተናገርኩ። እሷ ጆይስቲክ በጨርቅ እየጠረገች ትሰማኛለች። ስጨርስ እጇ ቆመ።

«አባዬ፣ አፍ የለውም ብለህ ተመለስክ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ከአዲሶቹ ሲዲ የማይፈልጉ አሉ እኮ። ጨዋታው በኢንተርኔት ነው የሚገባው። ልጆቹ ከግቢያቸው ኔትወርክ በአንድ ቀን እንሞላልሻለን ብለውኛል። ሁሉን ተነጋግረን ጨርሰን ነበር።»

«ለኔ ማን ነገረኝ?»

«አልጠየቅከኝም። ስልክ ይዘሃል፣ አልደወልክም።»

እውነቷን ነው፤ አልደወልኩም። እኔ ሳልጠይቅ የምፈርድ ሰው ነኝ። ጆንያ ላይ ያ ያስከብራል። ለእሷ ግን ተሳስቻለሁ አላልኳትም፤ ለእናንተ ነው የምለው። እሷም አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጆይስቲኩን ቦታው መለሰችና እንግዲያው ከገና ማግስት አዲስ አበባ ሄጄ የጤና ምርመራውን አደርጋለሁ፣ ደላላው ቀጠሮ ይዞልኛል አለች። እንደ ተራ ነገር። ሽንኩርት ልገዛ ነው እንደሚል ሰው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ነበርኩ። መንገድ ላይ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፍም። አንዱን ልጻፍ፤ ልጄ አገሯ ላይ ለመቀመጥ፣ አባቷ በሚኖርበት ምድር ለመቀመጥ፣ የፕላስቲክ ሣጥን ዋስ ያስፈልጋታል? ጎበዝ ናት፣ ታማኝ ናት፣ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። ይኸ ሁሉ አልበቃም። አንድ ሽቶ የተቀባ ሰው ሣጥን በጨርቅ ሸፍኖ አለቀ ስላለ ልጄ የሰው አገር ሽንት ቤት ልታጥብ ነው። ይኸን እያሰብኩ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ ተቆጣሁት፤ እሱ ምንም አላደረገኝም ነበር።

ጨለለቅቱ ከሰውዬው ደጅ ስደርስ ሞተር ቆሟል። ከሞተሩ አጠገብ የቆመውን ሳይ አጥሩ ጋ ቆምኩ። የዲላው ነጋዴ ነው። ከተማሪዎቹ አፍ ወሬው ደርሶት ከእኔ ቀድሞ መጥቷል። ማሽኑ አይታይም፤ ሰውዬው በረንዳው ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ነጋዴው የሚናገረውን ከአጥሩ ሆኜ ሰማሁ። የካርቶኑ መበሳት ግድ እንደሌለው፣ በሌላ ካርቶን እንደሚቀይረው፣ የተጠራው ላይ እንደሚጨምር ይናገራል።

«ወጊው አልተወውም» አለው ሰውዬው።

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው ወግቶታል። እስኪተወው አላሳይም።»

ነጋዴው ሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ቡና ነው እንዴ?»

«እኔ መሸጥ የተማርኩት በቡና ነው» አለው። «ሌላ ዓይነት መሸጥ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ገባሁ። ነጋዴው ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከዚያ ወዲያው ፈገግ አለ፤ እነሱ ፈገግታ አያልቅባቸውም። ፋዘር፣ ማሽኑ ለእርስዎ ምን ያደርጋል፣ ይልቀቁልኝና ለራስዎ የበግ መግዣ ልስጥዎት አለኝ። ለራሴ! ለአንድ ቃል፣ «ተውኩት» ለምትባል ቃል፣ በግ ሊገዛልኝ ነው።

«ገንዘብህን ያዘው» አልኩት። «ልጄም የመለስክላትን አልፈለገችም ነበር።»

ከዚህ የበለጠ ልለው አስቤ ነበር። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ፤ አባቱንም አያቱንም የሚነካ። ሰውዬው ግን ዝግ ባለ ድምፁ «ጋሼ፣ ይተዉታል ወይስ ይወስዱታል?» ሲለኝ ስድቡ ጠፋብኝ። እወስደዋለሁ አልኩ። የጠየቀኝ ትናንት የጠራውን ዋጋ ነው፤ አንድ ብር አልጨመረም። ነጋዴው ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። እኔ ለሰውዬው ትናንት ሳልናገር ስለወጣሁ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅርታ ስጠይቅ እኔን ያየ ሰው ጥቂት ነው፣ እሱ አንዱ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነገረኝ፣ ነጋዴው በስልክም ሦስት ጊዜ ደውሎለታል። የተጨመረለት ገንዘብ ለእሱም ገንዘብ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ሣጥኑን ጣሪያ ላይ ልጫነው አለኝ። እኔን ጫነኝ አልኩት። እስከ ዲላ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ፤ ይርጋጨፌ ላይ አንዲት ሴት ከእግሬ ስር ሁለት ዶሮ አስቀምጣ ኮቴን ሲነቁሩት እንኳ ሣጥኑን አልለቀቅኩም።

ልጄ ሣጥኑን ስታይ ቀዳዳውን በጣቷ ነካች፣ አየችኝ፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ተማሪዎቹ ማሽኑን ታቅፈው ወደ ግቢ ወሰዱት፤ ጨዋታውን ሞልተው በዋዜማው ጠዋት መለሱት። ከሰዓት ውድድሩ ተጀመረ። ቤቱ ሰው አይችልም፣ በመስኮት ይታያል፣ ደጁ ላይ ቆመው ይጮኻሉ። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ሆኜ ለባጃጅ ማለፊያ እንዲተው ሰው እገፋለሁ። ሣሩ እውነት ይመስላል ያሉትን አየሁ። አረም የለውም።

ሰው ሲቀንስ ልጄ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋ ጠፍቷል። የደላላው ቀጠሮስ አልኳት። ቀጠሮውን አራዝሜዋለሁ አለች።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ ልየው አባዬ። ከያዘ ያዘ። እስከዚያ ደግሞ ሌላ አዲስ ይወጣል ይላሉ።»

ልመልስላት የፈለግሁት ብዙ ነው። ለአራት ወር አባት አደረግሽኝ ወይ ልላት ነበር። ፓስፖርቱን ስጪኝ ልላት ነበር። ከውስጥ አንዱ ጆይስቲኩ ቆመ ብሎ ጠራትና ሳልመልስላት ተነሥታ ገባች። እኔም እስከ ማታ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ለማን እንደምናደድ ስፈልግ ቆየሁ። ነጋዴው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

በገና ዕለት ጠዋት ወደ ዱመርሶ ተመልሼ ከጎረቤቶቼ ጋር ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነበር ያሰብኩት። ልጄ ከኋላ ባለው ክፍል ደክሟት ተኝታለች። ቶሎ የነቁ አራት ተማሪዎች መጥተው በሩን አንኳኩ። ተዘግቷል ልላቸው ነበር። ከዚያ እነዚህ አራቱ ገበያው አጠገብ ወዳለው ቤት ሲሄዱ ታየኝ። ቁልፉን አንስቼ ከፈትኩላቸው። ማስነሳት አላውቅም፤ አንዱ አስነሳው። ሁለቱን አስቀመጥኩ፣ ሁለቱን ተራ አስያዝኩ፣ እንዳትጮኹ ሰው ተኝቷል አልኳቸው።

«አባባ፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም?» አለኝ ተራ የያዘው።

«ለፋሲካ እሄዳለሁ» አልኩት። «አንተ ቀና ብለህ ተቀመጥና ለጓደኛህ ቦታ ልቀቅለት።»